ከቃለ መጠይቁ በኋላ ይነገራት

ሙፈሪሃት ቀዩን ሻሿን የምታወልቀው እኔ ቤት ነበር። እሷ አምስተኛ ፎቅ፣ እኔ ሦስተኛ ፎቅ ነን፤ ስዊድን አገር፣ አልቢ የሚባል ሰፈር፣ ከባቡር ጣቢያው በላይ ያለው ሕንፃ ውስጥ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ሳይሞላ በሬን ሁለቴ ታንኳኳለች። ገብታ ሳትቀመጥ፣ ልጇ የገዛችላትን ቀይ ሻሽ አውልቃ የኮት መስቀያዬ ላይ ታደርገውና ከቦርሳዋ ጥቁሩን አውጥታ ታስራለች። ከዚያ አብረን ወደ ሥራ እንወርዳለን። ስንመለስ ጥቁሩን አውልቃ ቀዩን አስራ ወደ ልጇ ትወጣለች። በፈረንጆቹ 2008፣ ከማርች መጨረሻ እስከ ሜይ አጋማሽ እንዲህ አደረገች። ባሏ ሞቶ ነበር፤ ልጇ ግን አልተነገራትም።

ይህን ልጽፍ ስንት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ማኅበራችን በዓመት አንዴ ለሚያወጣት መጽሔት ስለ በዓል አከባበር ምናምን ጽፌ አውቃለሁ እንጂ የሰው ሐዘን ጽፌ አላውቅም። ሙፈሪሃት ግን «ጻፊው፤ ሌላው እንዳያደርገው» ስላለችኝ ነው።

ሙፈሪሃት የደሴ ልጅ ናት። በ1991 የሁለት ዓመት ልጇን ሩሚሳን አዝላ በጅቡቲ በኩል ወጣች። ባሏ ሸኪብ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ ይከተላቸዋል ተብሎ ቀረ። መጀመሪያ ወረቀቱ ዘገየ፣ ቀጥሎ እናቱ ታመሙ፣ በመጨረሻ እሱን ራሱን ስኳር ያዘው። እሁድ እሁድ በስልክ ካርድ ይነጋገራሉ። ከወጡ ወዲህ ሩሚሳ አባቷን በአካል ያገኘችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ አሥራ ሁለት ዓመቷ እያለ፣ ደሴ ሄዳ፣ ለአንድ ክረምት። ያን ክረምት እግሩ ላይ የማይድን ቁስል ነበረበት። ልጅቱ በየጠዋቱ ውኃ አሙቃ ታጥብለትና በፋሻ ትጠቀልልለት ነበር። «ዶክተሬ» ይላት ነበር። ከዚያ ወዲያ ምን ትሆኛለሽ ብሎ የጠየቃት ሰው የለም፤ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ሙፈሪሃትና እኔ ሄምሼንስት ነው የምንሠራው፤ ሃሉንዳ ውስጥ ከአንዱ ሽማግሌ ቤት ወደ ሌላው እየዞርን እናጥባለን፣ እናለብሳለን፣ መድኃኒት እንሰጣለን። አሥራ አንድ ዓመት አብረን ሠራን። እሷ ተናጋሪ ናት፣ እኔ ሰሚ።

ሸኪብ የሞተው እሁድ፣ ማርች ሠላሳ ነው። ወንድሙ ሙዝደሊፋ ከደሴ የደወለው ለሙፈሪሃት ሳይሆን ለጋሽ ዓወል ነበር፤ መርዶ በቀጥታ ለባለቤቱ አይደወልም። ጋሽ ዓወል ጡረታ የወጡ የታክሲ ሹፌር ናቸው፤ የወሎዎቹ ጀመዓ ያለ እሳቸው ምንም አይወስንም። ሩሚሳ ቤት ስለነበረች መርዶው እኔ ቤት ይሁን አሉኝ። እንዴት እምቢ ይባላል? ቁልፌን ሰጠኋቸው። ሰኞ ከሥራ ስንመለስ አምስት ሰዎች ሳሎኔ ውስጥ ተቀምጠው ጠበቋት። በሩ ላይ ስታያቸው ገባት። መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ፎጣዬን ከመታጠቢያ ቤት አምጥታ አፏ ውስጥ መጠቅጠቅ ነው፤ ድምጿ ወደ አምስተኛ ፎቅ እንዳይወጣ።

«ልጅቷስ?» አለች፣ ሲቆይ።

«ምን ቀራት?» አሉ ጋሽ ዓወል።

«ለሕክምና ትምህርት ቤቱ ደብዳቤዋን በኤፕሪል አጋማሽ ታስገባለች። ከጠሯት ሜይ ላይ ቃለ መጠይቅ አለ።»

«እንግዲያ ከቃለ መጠይቁ በኋላ ይነገራት። አሁን ብትሰማ አባቷን አታድነው፤ ትምህርቷን ግን ታጣለች። ለዚህች ቀን አይደል እንዴ የሰው ቂጥ ስትጠርጊ የኖርሽው?»

ማንም አልሳቀም። እኔ «አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ እኮ ነው፤ ሕፃን አይደለችም» ልል አፌን ከፈትኩ። ሁሉም ዞር ብለው ሲያዩኝ ሻይ ልጨምር ወይ ብዬ ተነሣሁ።

ለደሴም ተደወለ። ሙዝደሊፋ፣ ሩሚሳ ስትደውል «አባትሽ ለሕክምና አዲስ አበባ ሄዷል፤ ያለበት ክፍል ስልክ የለውም፤ እግሩ ግን እየተሻለው ነው» እንዲል ተነገረው። እሱም አለ። አንዴ ከተባለ በኋላ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ መጨመር ነበረበት። አንድ እሁድ «በከዘራ መሄድ ጀምሯል» አላት።

የሕክምና ትምህርት ቤቱ የተወሰኑትን ተማሪዎች በውጤት ብቻ ሳይሆን በደብዳቤና በቃለ መጠይቅ ይመርጥ ነበር። የሩሚሳ ውጤት ጥሩ ነው፤ በውጤት ብቻ ለመግባት ግን ሃያ ከሃያ ማለት ይቻላል ያስፈልጋል። ስለዚህ ተስፋዋ ሁሉ አንድ ገጽ ተኩል ላይ ነው። ለምን ሐኪም መሆን ትፈልጊያለሽ፣ ወደዚህ ያመጣሽ ምንድን ነው፤ ይኸው ነው ጥያቄው።

ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ ሦስት ቢጫ ወረቀቶች ይዛ እኔ ዘንድ መጣች። የወጥ ቤት ጠረጴዛዬ ላይ ደረደረቻቸው። አማርኛዋ አንቱታ አያውቅም፤ ንጉሥም ቢመጣ «አንቺ» «አንተ» ነው የምትለው።

«እትዬ ብርቅ፣ አንቺ ትጽፊ የለ? ምረጪልኝ።»

የመጀመሪያው ወረቀት፣ ክረምት ላይ አረጋውያን ቤት ስትሠራ እጇ ላይ ስለሞቱት ስዊድናዊት አሮጊት። ሁለተኛው፣ ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ለእናቷ ጤና ጣቢያ እያስተረጎመች ማደጓ። ሦስተኛው ላይ አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ «እግሩ»።

«ሁለተኛው ጥሩ ነው» አልኳት።

«ሁለተኛውን የስደተኛ ልጅ ሁሉ ይጽፈዋል። ክፍሌ ውስጥ ሦስት ነን።»

«አንደኛውስ?»

«አንደኛውን ደግሞ ስዊድኖቹ ሁሉ ይጽፉታል፤ የሁሉም አያት ሞታለች።» ሳቀች። «የእኔ ብቻ የሆነው ሦስተኛው ነው። መጨረሻውንም አውቄዋለሁ። ‘ስመረቅ የመጀመሪያው በሽተኛዬ እሱ ነው፤ እየጠበቀኝ ነው’ ብዬ ነው የምዘጋው። ጥሩ አይደል?»

ቀዩ ሻሽ ኮሪደሬ ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ ያን ቀን እናቷ የማታ ተረኛ ስለነበረች አልተመለሰችም። ልጅቷ ብታየው ምን እላታለሁ ብዬ ወረቀቶቹ ላይ አቀረቀርኩ።

«ቀና ብለሽ እያየሽኝ ንገሪኝ» አለችኝ።

«የሚሻለውንማ አንቺ ታውቂያለሽ» አልኳት። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ።

በማግስቱ እናቷ ሰማች። ለእሁድ ምሳ ጠርተውኝ እዚያው ተቀምጫለሁ።

«ስለ አሮጊቷ ጻፊ» አለች ሙፈሪሃት።

«አልጽፍም።»

«አባትሽን ተይው፣ ልጄ።»

«ለምን?»

«የቤት ገመና ነው። ፈረንጅ ፊት አይዘረጋም።»

«ገመና? ቁስል ገመና ነው?» ከዚያ ወደ ስዊድንኛ ገባች፤ ስትናደድ እንደዚያ ናት። ድሀ ስለሆነ ነው፣ እግሩ ስለሚሸት ነው፣ አንቺ በእሱ ታፍሪያለሽ፣ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ያላመጣሽውም ለዚህ ነው አለቻት። እናቷ ሁሉንም ተረድታለች፤ ለዚህ ለዚህ ስዊድንኛዋ ይበቃል። እጇ የሩዙ ጭልፋ ላይ እንዳለ ቀረ። አንድ ቃል ብትናገር ልጅቷ ታምናት፣ ጠቡም ያልቅ ነበር። ደብዳቤውም ያልቅ ነበር።

«አፍሬበት አላውቅም» አለች በመጨረሻ። «ጻፊው። እንዳልሽው ጻፊው።»

ደብዳቤው ተላከ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ለቃለ መጠይቅ ተጠራች። ሙፈሪሃት ያን ጥሪ ይዛ ወደ እኔ ስትወርድ ደስታዋንም ሐዘኗንም የምታደርግበት አጥታ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ባል የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ዒዳ መቀመጥ አለባት፤ እሷ ግን በየቀኑ ትስቃለች፣ ከልጇ ጋር ቴሌቪዥን ታያለች። የምታለቅሰው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ሃሉንዳ፣ ጆሮ የማይሰሙ አንድ ሽማግሌ ቤት፣ የአልጋ አንሶላቸውን ስትቀይር። ሽማግሌው አንድ ቀን መሐረብ ሰጧት። አርባው ሲደርስ እኔ ክርስቲያኗ ተምር ገዝቼ እኔ ቤት አደረግንላት፤ ሰዎቹ በለሆሳስ ቁርኣን ቀሩ፣ በለሆሳስ ተበተኑ።

ቃለ መጠይቁ ረቡዕ፣ ሜይ አሥራ አራት ነበር። ሩሚሳ ነጭ ሸሚዝ ለብሳ ጠዋት ወጣች። እሷ እንደወጣች ሰው መግባት ጀመረ። ከሃሉንዳ፣ ከቮርቢ ጎርድ፣ እስከ ሠላሳ ሰው ይሆናል። ፍራሽ ተነጥፎ ሙፈሪሃት ጥቁር ሻሿን አስራ ተቀመጠች፤ በገዛ ቤቷ ስታስረው ያ የመጀመሪያዋ ነው። ጋሽ ዓወል መሐል ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይገፋሉ። የምንጠብቀው አሳንሰሩን ነበር።

አሳንሰሩ ቆመ። ጫማችን ከበሩ ውጭ ደረጃው ድረስ ተደርድሯል። ሩሚሳ ጫማውን ስታይ በሩን ሳትከፍት ሳቋን ሰማን።

«ኧረ ገና ነው እኮ!» እያለች ገባች። «ውጤቱ ጁላይ ነው! እማዬ፣ ማነው ድግስ ያለሽ?»

ከሰው ሰው እያየች ሄዳ እናቷ ሻሽ ላይ ደረሰች። ጋሽ ዓወል ተነሡ። «ልጄ፣ ሁላችንም የአላህ ነን፤ አባትሽ…» ሲሉ ሴቶቹ ጩኸታቸውን ለቀቁት፤ አርባ አምስት ቀን የታፈነ ጩኸት። እሷ አልጮኸችም።

«ዛሬ?» አለች።

ጋሽ ዓወል መቁጠሪያቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

«መቼ ነው?»

«ማርች ሠላሳ» አለች እናቷ፤ ሌላ ማንም እንዲል አልፈቀደችም።

ልጅቷ በጣቷ ስትቆጥር አየኋት። ደብዳቤው፣ እሁዶቹ፣ ከዘራው።

«አሁን እንዴት ነው ብለው ጠየቁኝ» አለች ቀስ ብላ። «ሁለት ፕሮፌሰሮች። እየተሻለው ነው፣ በከዘራ ይሄዳል አልኳቸው። ሴትየዋ ደስ አላት።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺም ታውቂ ነበር? ያን ቀን፣ ወረቀቶቹን ሳሳይሽ?»

አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። ፊቷን አዞረችብኝ፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ለቀስተኛው ሳይሰበሰብ ትምህርት ቤቱ ጋ ደወለች። እኔና እናቷ ብቻ ነበርን። ትናንት ስለ አባቴ የነገርኳችሁ እውነት አይደለም፤ ደብዳቤውን ስጽፍም ሞቶ ነበር፤ አላውቅም ነበር፤ የተጻፈው ይስተካከልልኝ አለች። ሙፈሪሃት ስልኩን ልትነጥቃት እጇን ሰነዘረች፤ መንገድ ላይ ተወችው። ማዶ ያለችው ሴትዮ ደግ ድምፅ ነበራት። አዝናለሁ፣ ማስታወሻ ላይ አሰፍረዋለሁ አለቻት።

ጁላይ ላይ ፖስታው መጣ። ቀጭን ነበር። አላለፈችም፤ ተጠባባቂ ዝርዝር ላይ ናት፣ መቶ አሥራ ምናምነኛ። ምክንያት አይጻፍም። ሙፈሪሃት በዚያ ስልክ የተነሣ ነው ትላለች። ሩሚሳ ቃለ መጠይቁ ላይ ሌላ ጥያቄ ስቼ ነበር ትላለች። ጋሽ ዓወል የአላህ ውሳኔ ነው ብለው ዘግተውታል፤ ከዚያ ወዲህ ግን ሙፈሪሃት ቤት አይቀመጡም፣ በር ላይ ሰላም ብለው ይሄዳሉ። እኔ አላውቅም። ያ ስልክ ባይደወል ኖሮ ታልፍ ይሆን ብዬ አስባለሁ፤ ወዲያው ደግሞ በምን አፌ እላለሁ።

ሴፕቴምበር ላይ ሩሚሳ ቮርቢ ጎርድ ባለ የአረጋውያን ቤት ሥራ ያዘች። በሚቀጥለው ዓመት እንደገና አመለክታለሁ ትል ነበር፤ ቅጹን ግን አልሞላችውም። ምን ብዬ ልጻፍ አለችኝ አንድ ቀን። ደሴ ስትደውል አጎቷ ሁሉም ደህና ነው ቢላት አታምንም፤ ያለውን ሰው ሁሉ አንድ በአንድ ስልኩ ላይ አቅርቡልኝ ትላለች፣ ድምፃቸውን ትሰማለች። እናቷ ትንሽ ብታስል «ምንድን ነው? እውነቱን» ትላለች።

ኖቬምበር ላይ ሙፈሪሃት ምሳ ስታደርስላት አብሬያት ሄድኩ። ሩሚሳ የሠራተኞች ክፍል ውስጥ ስልክ ይዛ ነበር። እዚያ ቤት ሰው ሲሞት ለዘመድ መንገር የነርሷ ሥራ ነው፤ ነርሷ ግን ሩሚሳ ጥሩ አድርጋ ትናገራለች እያለች አንዳንዴ ትተውላታለች። በስዊድንኛ፣ ሳታለዝብ፣ «እናትህ ሞተዋል» ስትል ሰማናት። «ዛሬ ጠዋት፣ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ።» ሴትየዋ ከሞቱ ገና ግማሽ ሰዓት አልሞላም ነበር።

ከማዶ የወንድ ልቅሶ ይሰማል።

«ብቻውን ነው?» አለች ሙፈሪሃት በአማርኛ። «አጠገቡ ሰው አለ?»

ሩሚሳ የስልኩን አፍ በእጇ ሸፈነች። «አላውቅም።»

«ጠይቂያ፣ ልጄ።»

ልጅቷ እናቷን ለረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ እጇን አነሣችና ጠየቀችው። ብቻውን ነበር። ስልኩን አልዘጋችም። ሙፈሪሃት የምሳውን ፌስታል ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ኮቷን ሳታወልቅ፣ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ሰውየው አልቅሶ እስኪጨርስ።