ማጠፊያውን ማን ሠራው?

ባለፈው ሰኞ ጠዋት የትምህርት ቤታችን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፎ አየሁ። የዘንድሮው የተማሪዎች የፈጠራ ሥራ ኤግዚቢሽን ምዝገባ ተጀምሯል ይላል። እስከዚህ ድረስ ደስ ይላል። ተራ ቁጥር አራት ላይ ስደርስ ግን ጆሮዬ ጋለ። «የሚቀርበው ሥራ ከሌላ ሰው የተወሰደ ምንም ነገር የሌለበት፣ ሙሉ በሙሉ በተማሪው የተሠራ መሆን አለበት።» ይህችን ቁጥር አራት አውቃታለሁ። በእኔ ምክንያት ነው የተጻፈችው። ወረቀቱን የለጠፉበት ፕላስተር ራሱ ከሌላ ሰው የተወሰደ ነው ልል አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት፤ አጠገቤ የቆሙት የዘጠነኛ ክፍል ልጆች ነበሩ። ነገሩ በእኔ ላይ የደረሰውም ልክ እንደ እነሱ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ነው።

ያኔ የስልክ ጨዋታ እሠራ ነበር። አንድ ባጃጅ ተበላ ከምትባለው ከተማ ሙዝ ጭኖ ወደ ሶዶ ይወጣል፤ ዝናቡ ሳይቀድመው ገበያ መግባት አለበት። በእውነቱ ያን መንገድ ሰው የሚሄደው በሚኒባስ ነው፤ በጨዋታ ግን ማን ይከለክለኛል? ወቅቱ በልግ ነበር። ከሰዓት በኋላ የዳሞታ ተራራ ደመናውን እስከ ትከሻው ሲለብስ ሰፈሩ ሁሉ ልብሱን ከገመድ ላይ ለመሰብሰብ ይሮጣል። ሐሳቡም የመጣልኝ እንደዚያ ስሮጥ ነው።

የምሠራው አባቴ የእንጨት ሥራ ቤት ውስጥ፣ አጎቴ በተወልኝ አሮጌ ላፕቶፕ ነበር። አባቴ አናጺ ነው። በላፕቶፑ ቁልፎች መሃል ሰጋቱራ ገብቶ «ለ» የምትለዋን ካልደበደቧት አትጻፍም ነበር። እናቴ የተቀቀለ ጎዳሬ በዳጣ ትልክልናለች፤ ዳጣው የነካውን ጣቴን ረስቼ ዓይኔን አሽቼ ያለቀስኩበት ቀን አለ። አባቴ ያን ቀን «ጨዋታው እንዲህ የሚያስለቅስ ከሆነ ማን ይገዛዋል?» ብሎ ስቆብኛል።

ጨዋታ ብቻውን የሚሠራ ሰው ሁሉን ነገር ራሱ አይሠራም። ዛፉን ልሣል፣ የሞተሩን ድምፅ ልቅዳ፣ ፊደሉን ልቅረጽ፣ የዝናቡን ፕሮግራም ልጻፍ ቢል ያረጃል። ስለዚህ ሌሎች ሰዎች ሠርተው ኢንተርኔት ላይ ያስቀመጡትን ይወስዳል፤ በሙያው «አሴት» ይሉታል። ግማሹ በገንዘብ ነው፣ ግማሹ በነፃ። ቀላል ይመስላል። አይደለም። መጀመሪያ ያወረድኩት «የአፍሪካ መንደር» የሚል ነበር። ስከፍተው አሸዋ፣ ሦስት ጎጆ፣ አንድ አንበሳና አንድ ግመል። ግመሉን ዳሞታ ሥር አቆምኩትና ለረጅም ጊዜ አየሁት። አፍሪካን አንድ ጊዜ እንኳ በመስኮት አይቶ የማያውቅ ሰው ሠርቶ ስም ሰጥቶታል። ከነአንበሳው ሰረዝኩት። ቀጥሎ ያመጣሁት ባጃጅ በጣም ያምር ነበር፤ ስልኬ ላይ ስጭነው ግን ስልኩ እንደ ካውያ ግሎ ጠፋ። የዝናብ ፕሮግራሙ ደግሞ ሠሪው ትቶት ከሄደ ዓመታት አልፈዋል፤ ሁለት ሳምንት ሠራ፣ በሦስተኛው ጨዋታዬን ይዞ ወደቀ።

መምረጥን ያስተማረኝ አባቴ ነው፤ እሱ ግን ማስተማሩን አያውቅም። አንድ ቅዳሜ ለቁም ሳጥን ማጠፊያ ሊገዛ አብሬው ገበያ ወረድኩ። ባለሱቁ የሚያብረቀርቀውን ከፊት ከፊት ያቀርባል። አባቴ ግን እያንዳንዱን ማጠፊያ ጆሮው ጋ አስጠግቶ ደጋግሞ ይከፍታል፣ ይዘጋል።

«ሬዲዮ ነው እንዴ?» አለው ባለሱቁ።

«ዜና እየሰማሁ ነው» አለ አባቴ። «ይሄኛው ክረምት ላይ ይጮሃል ይላል።»

ለካ ሁሉም ማጠፊያ ሱቅ ውስጥ ዝም ይላል። የሚጮኸው ቤት ገብቶ፣ በሩ ከብዶት፣ እርጥበት ሲያገኘው ነው። እኔም ከዚያ በኋላ አሴት ሳይ ውበቱን ትቼ ሌላውን መጠየቅ ጀመርኩ። ክብደቱን የእኔ ስልክ ይሸከመዋል? ሠሪው አሁንም አለ? ሰው ሲጠይቀው ይመልሳል? ፈቃዱ ምን ይላል፤ በነፃ ነው ወይስ «ስሜን ጥቀሱ» ነው ወይስ «አትሽጡት» ነው? እንግሊዝኛውን በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ እስከ መጨረሻው መስመር አነብ ነበር። በመጨረሻ የአሥራ አንድ ሰዎች ሥራ ተመረጠ። እንሰት ግን የትም አልነበረም። ዘንባባ በሽበሽ ነው፣ ሙዝም አለ፤ እንሰትን ግን የሠራው የለም። ከጓሯችን አይቼ ራሴ ሣልኩት፤ ቅጠሉ በነፋስ የሚቀደድበትን ሳይቀር።

አሁን ወደ ስህተቴ ልምጣ፤ ስህተት ከተባለ። እኛ ቤተክርስቲያን ፕሮግራም ሲከፈት ምስጋና ይቀድማል። ድንኳን ያዋሰው፣ ጄኔሬተር ያመጣው፣ ወንበር የተሸከሙት ወጣቶች ስማቸው ሳይጠራ መዘምራን አፋቸውን አይከፍቱም። ሠርግም፣ የምረቃ ድግስም እንደዚያው ነው። ስለዚህ የአሥራ አንዱን ሰዎች ስም የት ላስቀምጥ ብዬ አላሰብኩም። ጨዋታው ሲከፈት፣ ከባጃጁ በፊት፣ ከእኔ ስም በፊት፣ በትልልቁ ጻፍኳቸው።

የኤግዚቢሽኑ ቀን አዳራሹ የእርጥብ ጫማ ሽታ ነበረው። አንደኛ የወጣ አርባ ምንጭ ሄዶ ይወዳደራል ተብሏል፤ እኔ አርባ ምንጭን አይቼ አላውቅም ነበር፣ ግን ቦርሳዬን በሐሳቤ ሸክፌአለሁ። የዳኞቹ ሰብሳቢ የአይሲቲ መምህራችን መምህር ደሳለኝ ነበሩ። ስልኬን ተቀበሉኝ፣ የመጀመሪያውን ገጽ አዩ፣ መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፉ።

«እነዚህ እነማን ናቸው?»

«ዛፉን፣ ድምፁን፣ ፊደሉን የሠሩ ሰዎች ናቸው፣ መምህር።»

«ታዲያ አንቺ ምኑን ሠራሽ?»

«እንሰቱን ሣልኩ። መንገዱን፣ ጭቃውን፣ ባጃጁ እንዴት እንደሚንገጫገጭ... ሌላውን መርጬ ነው ያገጣጠምኩት።»

«መርጠሽ» አሉ ወደ ሌሎቹ ዳኞች ዞር ብለው። «መምረጥም ሥራ ነው ወይ? ልጄ፣ ይሄ እኮ የአሥራ አንድ ፈረንጅ ሥራ ነው። ራስሽ ጽፈሽ አመንሽ።»

ስልኬን መለሱልኝ። ባጃጁን አንድ ሜትር እንኳ አልነዱትም።

ቀጥለው ወደ ብሩክ ጠረጴዛ ሄዱ። ብሩክ የክፍሌ ልጅ ነው፤ የኳስ ጨዋታ አቅርቧል። በሜዳው ዳር ዛፎች ተደርድረዋል። አየኋቸው፣ ደነገጥኩ። የእኔ ዛፎች ናቸው! ማለቴ፣ እኔ የመረጥኳቸው ዛፎች። በግራ በኩል አንዲት ቅጠል ከቅርንጫፏ ተነጥላ አየር ላይ ተንሳፍፋለች፤ ሠሪው ሳያያት ያለፋት ስህተት ነች፣ ሌላ ዛፍ ላይ አትገኝም። የሠሪው ፈቃድ «በነፃ ውሰዱ፣ ስሜን ብቻ ጥቀሱ» ይላል። የብሩክ ጨዋታ ላይ ግን ያለው አንድ ስም ብቻ ነው፤ የብሩክ።

«ዛፎቹንም አንተ ነህ የሠራሃቸው?» አሉት መምህር ደሳለኝ።

«አዎ፣ መምህር።»

አንደኛ ወጣ። እናቱ አጠገቤ ቆመው እልል ሲሉ ነጠላቸው ትከሻዬን ነካኝ፤ እኔንም ልጄ ብለው ሳሙኝ። እንዴት አድርጌ ልናገር? በኋላ ብሩክ በር ላይ ቀረበኝና «ሞኝ ነሽ እንዴ? ስማቸውን ማን ጻፊ አለሽ? መጥተው አይከሱሽ» አለኝ። የሚያናድደው በክፋት አልነበረም ያለው፤ ከልቡ ሊመክረኝ ነው። ጊዜ አልፎ ብዙ ነገር ይቅር ብያለሁ፤ የዚያን ቀን ዝምታዬን ግን ገና ይቅር አላልኩትም።

በጭቃው ወደ አባቴ ሥራ ቤት ሄጄ የሆነውን ነገርኩት። አባቴ ሲናደድ ወላይትኛው ይቀድመዋል፣ ቀጥሎ የሚመጣው አማርኛ ውስጥ ደግሞ «አንቺ» እና «አንተ» ይቀላቀሉበታል።

«መምረጥ ሥራ ነው ወይ አለህ? አንቺስ ምን አልከው?»

«ምንም አላልኩም።»

መላጊያውን አስቀመጠ። «እኔ እንጨት አልፈጠርኩም። ኮላ አላፈላሁም። ቪት አልቀጠቀጥኩም። ቁም ሳጥኑ ግን ቢሰበር ማንን ነው የሚጠሩት? የቪቱን ፋብሪካ?» መላጊያውን መልሶ አነሣ፤ «የሚጠሩት እኔን ነው። ስለዚህ የእኔ ነው።»

ይህ እንግዲህ ሦስት ዓመት ሆነው። ቁጥር አራት የወጣችው በቀጣዩ ዓመት ነው። እኔ ሁለት ዓመት ሳልወዳደር ቀረሁ፤ ጨዋታዬን ግን አልተውኩም፤ ባጃጁ ዛሬ በማታ መብራት ሁሉ ይሄዳል። ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነኝ፤ የመጨረሻ ዕድሌ ነው። ማክሰኞ ዕለት ፎርሙን ሞልቼ ወደ ቢሮ ገባሁ። የሥራው ባለቤት በሚለው ቦታ ስሜን ጻፍኩ፤ ከጀርባው ላይ የአሥራ አንዱን ሰዎች ስም፣ ከእያንዳንዱ ምን እንደወሰድኩና ለምን እንደመረጥኩት።

መምህር ደሳለኝ አገላብጠው አዩት። «ቁጥር አራትን አላነበብሽም?»

«አንብቤአለሁ፣ መምህር። አንድ ነገር ልጠይቅ? ከኋላዎ ያለውን ቁም ሳጥን ማን ነው የሠራው?»

ዞር አሉ። «አባትሽ ነዋ። ከገባ ስንት ዓመቱ።»

«ማጠፊያውንስ?»

ተነሡና የቁም ሳጥኑን በር ከፈቱት፣ ዘጉት፣ እንደገና ከፈቱት። ውጭ እየዘነበ ነበር፤ በሩ ግን ድምፅ የለውም። ጎንበስ ብለው ማጠፊያው ላይ የተቀረጸችውን የውጭ አገር ፊደል አነበቡ። ከዚያ ተመልሰው ተቀመጡ፤ ሳቅ ነገር ከንፈራቸው ላይ መጥቶ ሄደ።

«ደንቡ የኮሚቴ ነው፣ እኔ ብቻዬን አልሰርዘውም» አሉ። «ይህን የነገርሽኝን በጽሑፍ አቅርቢ፤ ሐሙስ ስብሰባ አለን። እኔ አነበዋለሁ።»

በጽሑፍ አቅርቢ! አገሩ እኮ እንዲህ ነው፤ በሩ ፊት ለፊት እየተከፈተ ወረቀት ይፈልጋል። መጀመሪያ ተናደድኩ። ማታ ስጀምረው ግን እጄ አልቆም አለ፤ ግማሽ ገጽ ያልኩት ይኸው ይህን ያህል ሆነ፣ እውነቱን ለመናገር ሲበዛልኝ ደስ አለኝ። ለካ ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ያጣሁት መልስ አልጠፋም፤ ሲከማች ነበር። መምረጥ ሥራ ነው። ከሥራም የሚያስጠይቅ ሥራ ነው፤ ቢጮህ የሚጠሩት መራጩን ነዋ።

ኮሚቴው ምን እንደሚል አላውቅም። አርባ ምንጭንም እስካሁን አላየኋትም። ብሩክ ትናንት አግኝቶኝ «እንግዲህ ካለፍሽ ስሞቹን መጨረሻ ላይ አድርጊያቸው፣ በትንሹ» አለኝ፤ አሁንም ይመክረኛል።

መጀመሪያ ላይ ነው የማደርጋቸው። ከስሞቹ በታች አንድ መስመር ብቻ ጨምሬአለሁ፤ «የመረጥኳቸው እኔ ነኝ፤ ከጮኸ እኔን ጥሩ።»