በማኮብኮቢያው ላይ የቀሩት ነጠላዎች

ፀሐይወርቅ ከሞተች ከዓመት በላይ ሆኗታል። ልብሶቿ ግን እስካሁን በባሏ በደርበው መኪና የኋላ ወንበር ላይ፣ በትልቅ ጥቁር ከረጢት ታጭቀው ይዞራሉ። ለነፍሷ እንዲሆን ለተቸገረ ሰው መሰጠት የነበረባቸው በአርባዋ ነበር። በአርባዋ ከረጢቱን ጭኖ እስከ ቤተክርስቲያኑ በር ሄደ፤ መኪናውን ፓርክ አደረገ፤ ሰዉ ገብቶ እስኪወጣ ተቀምጦ ቆየና ካልጋሪ፣ ፔንብሩክ ሜዶውስ ሰፈር ወዳለው ቤቱ ተመለሰ። አላለቀሰም። ያኔም፣ ከዚያም በኋላ። ሐዘኑ ይመጣል ብሎ ጠበቀ፤ የመጣ ነገር የለም። ለእንጀራው የከተማ አውቶቡስ ይነዳል፣ ይተኛል፣ ይነሳል።

ቅዳሜ ጠዋት የፀሐይወርቅ ታላቅ እህት ውብነሽ ደወለች።

«ደርበው፣ ልብሱን ሰጠህ?»

«ዛሬ ሥራ አለኝ።»

«ሥራ! ያው ሣር አጨዳህ ነው?»

«የማኮብኮቢያውን ስንጥቅ ልንደፍን ነው።»

«አብራሪ ሆነ ብለን ስንኮራብህ የሬንጅ ሠራተኛ ሆነህ አረፍከው!» ብላ ዘጋችው።

እውነቷን ነው። ደርበው ትንሽ አውሮፕላን የማብረር ፈቃድ ያወጣው አርባን ካለፈ በኋላ ነው። ከጓደኞቹ ጋር በጋራ የገዟት አሮጌ አውሮፕላን የምትነሳው ከከተማው በስተምሥራቅ፣ በስንዴ እርሻ መሀል ካለች ትንሽ ማረፊያ ነው። ፀሐይወርቅ አጠገቡ ትቀመጥ ነበር፤ ሲነሱ ዓይኗን ጨፍና፣ ሲያርፉ ጮክ ብላ «ተመስገን» እያለች። አሁን የወረዳው ምክር ቤት ማረፊያዋን ሊዘጋት አስቧል። አብራሪዎቹ በነፃ ሣር ያጭዳሉ፣ መብራት ይቀይራሉ፣ ስንጥቅ ይደፍናሉ። የቀራቸው ተስፋ አንድ ነው፤ የአምቡላንስ አውሮፕላን አብራሪ ማኮብኮቢያውን ሞክሮ ለበሽተኛ ማመላለሻ ይሆናል ካለ፣ አትዘጋም። ሙከራው ዛሬ ከሰዓት በኋላ ነበር።

ሩቤን የተባለ እዚሁ ካልጋሪ ያደገ አብራሪ ሬንጁን እያፈሰሰ ይሄዳል። ደርበው ከኋላው እየተከተለ ትኩሱ ሬንጅ ላይ ሶፍት ይዘረጋል፤ ጎማ ላይ እንዳይጣበቅ ነው። ሁለት ረጃጅም ስንጥቆች ሲቀሩ ሶፍቱ አለቀ።

«ጋሼ፣ ፓይለቱ ቴክስት አድርጓል። ዌዘሩ ሊበላሽ ስለሆነ ኧርሊ ነው የሚመጣው። ላይክ፣ አሁን!» አለ ሩቤን ስልኩን እያየ።

ሱቅ ሩቅ ነው። ደርበው ወደ መኪናው ተመለከተ። ሄደ፤ ከረጢቱን አወጣ፤ ፈታው። የሚስቱን ነጠላዎችና ጋቢዎች ጫፍ ለጫፍ እየገጠመ ዘረጋቸውና በጫማው ረገጣቸው። ልክ ሶፍቱን እንደዘረጋው ነው የዘረጋቸው።

«ጋሼ፣ አር ዩ ሹር? የእትዬ አይደለም እንዴ?»

«ጨርቅ ነው» አለ ደርበው።

አውሮፕላኑ መጣ። ዝቅ አለ፣ ዝቅ አለ፤ ከዚያ ሞተሩ ጮኸና ሳያርፍ በላያቸው አለፈ። በሩቤን የእጅ ሬዲዮ ፓይለቱ ማረፊያው ተዘግቷል ወይ ብሎ ጠየቀ።

«ኖ፣ ኖ፣ ክፍት ነው!» ብሎ ሩቤን በእንግሊዝኛ ጮኸበት። ከዚያ ዞር ሲል ማኮብኮቢያውን አየና ጭንቅላቱን ያዘ። «ኦ ማይ ጋድ። ጋሼ፣ ኤክስ ሠርተናል!»

ሁለቱ ስንጥቆች መሀል ላይ ይተላለፋሉ። ማኮብኮቢያ ላይ ትልቅ ነጭ ኤክስ ካለ ተዘግቷል ማለት ነው፤ የትም አገር ያለ አብራሪ ያውቀዋል። ደርበውም ያውቃል። በእግሩ እየረገጠ ሲሠራው ግን አላየውም።

«አንዴ ብቻ ነው የምዞረው፣ ኤክሱ ካልተነሳ እሄዳለሁ ብሏል» አለ ሩቤን።

ደርበው ተንበርክኮ አንደኛውን መስመር ሳበ። ነጠላው ሬንጁን ይዞ እምቢ አለ። ጎተተው፤ ተቀደደ። ቀይ ጥለት ያለው፣ ለጥምቀት የምትለብሰው ነበር። ጥለቱ እጁ ላይ ቀረ፤ የቀረው ክር ሬንጁ ውስጥ ጠቆረ። ሲቀደድ ያሰማውን ድምፅ ሰማ። ቀጣዩን ያዘ፤ ቀደደው። ሩቤን ባዶው ላይ አሸዋ እየበተነ ተከተለው።

አውሮፕላኑ ዞሮ መጣና አረፈ። ጎማው በቀረው ነጭ መስመር ላይ አለፈ፤ የተጣበቀበት ነገር የለም። ፓይለቱ ወርዶ አስፋልቱን በጫማው ነካ ነካ አደረገ፤ ጨርቁን አይቶ ሳቀ፤ ይሆናል አለ። ሩቤን ደርበውን አቅፎ ዘለለ። ደርበው እንደ ምሰሶ ቆሞ ታቀፈ።

ወደ ቤት ሲመለስ ፎረስት ሎን የተባለው ሰፈር ሲደርስ መኪናውን ዳር አስይዞ ለውብነሽ ደወለ።

«ሰጠሁት።»

«ምኑን?»

«ልብሱን። ማኮብኮቢያው ስንጥቅ ላይ አነጠፍኩት።»

«አንተ ሰው አብደሃል? ልብስ ለአስፋልት ይሰጣል?»

«በሽተኛ በአውሮፕላን ሊነሳበት ነው።»

«ቀይ ጥለት ያለውስ?»

«እሱም።» ጥለቱ ኪሱ ውስጥ ነበር፤ አልነገራትም።

ስታለቅስ ሰማ። ስልኩን ጆሮው ላይ እንዳደረገ እስክትጨርስ ጠበቃት።

«በልተሃል?» አለችው በመጨረሻ፣ አፍንጫዋን እየጠረገች።

ደርበው አሰበ። «አልበላሁም» አለ። ከዚያም የሌላ ሰው ድምፅ የሰማ ይመስል፣ «ርቦኛል» አላት። «ውብነሽ፣ በጣም ርቦኛል።»

«ና እንግዲህ፣ ምን ትጠብቃለህ?»