ከእናቴ ምድጃ በላይ የሚጮኸው

ከቤት የወጣሁ ዕለት ማታ እናቴ ኩራዙን ከምሰሶው ላይ አውርዳ ወደ ፊቴ አስጠጋችና አየችኝ። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ በጭሱ አሳበብኩ። የመብራት መስመር ያኔ ከንፋስ መውጫ ከተማ ተነሥቶ እኛ ቀበሌ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ደርሶ ነበር፤ ወደ ቤቶቹ ግን ገና አልወረደም። እኔ የቤት ውስጥ መብራት መዘርጋት ተምሬ፣ ከተማ ውስጥ የሰው ሱቅና ሆቴል ሳበራ ከርሜ፣ የገዛ እናቴ በኩራዝ ነበር የምታመሸው።

"እማዬ፣ መስመሩ ሲወርድ ማንም እንዳይነካብኝ" አልኳት። "የዚህን ቤት መብራት የምዘረጋው እኔ ነኝ። ተመልሼ።"

"ማን ይነካብሃል፣ ሆዴ" አለች። "እጠብቅሃለሁ።"

ታናሽ ወንድሜ መልካሙ ቦርሳዬን ይዞ በር ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ሰምቷል።

መንገዱን አላረዝምባችሁም። መተማን፣ ሱዳንን፣ ሊቢያን፣ ያን ባሕር የቀመሰ ያውቀዋል፤ ያልቀመሰም ባያውቀው ይሻለዋል። አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ። ሊቢያ መጋዘን ውስጥ ቆልፈውብን እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ በሐሳቤ የእናቴን ቤት እዘረጋ ነበር። ቆጣሪው ከበሩ በስተቀኝ፣ አንድ አምፖል ምሰሶው ላይ፣ አንድ ጓዳ፣ ሶኬቱ ደግሞ ከአልጋዋ ራስጌ፣ ሬዲዮዋን ሳትነሣ እንድትሰካ። ሌላው መዝሙረ ዳዊት ሲደግም እኔ ሽቦ እቆጥር ነበር።

የእንጀራዬ ነገር ግላስጎው በሚባል የስኮትላንድ ከተማ ጣለኝ። ንፋሱ የኛው ነው፤ ከንፋስ መውጫ ተከትሎኝ የመጣ ይመስለኛል። ዝናቡ ግን ክረምት በጋ አያውቅም፣ መስከረም ጠባ ብሎ አይተውም። መጀመሪያ የጠየቀችኝ የስደተኞች ጉዳይ ሹም መነጽሯን ዝቅ አድርጋ "ከየት ነህ?" አለችኝ።

"ከጋይንት።"

"የት ነው እሱ?"

"ከስማዳ በላይ፣ ከእስቴ ወዲያ።" አስተርጓሚው ሳቁን ዋጠ፤ እሷ ጻፈች።

"ሥራህስ?"

"ቤት ውስጥ መብራት አስገባለሁ።"

"አገርህ መብራት አለ?"

"ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ደርሷል" አልኳት። ይህንንም ጻፈች።

የመኖሪያ ወረቀቴን ካገኘሁ በኋላ የማውቀውን ሙያ እንደ አዲስ ተማርኩና ሥራ ያዝኩ። እዚህ አገር ሕግ አለ፤ ቤት ሁሉ ስሞክ አላርም የሚሉት የጭስ ማንቂያ ሊኖረው ይገባል። ሳሎንና ኮሪደር ኮርኒስ ላይ ይሰቀላል። ማድ ቤት ግን ሙቀት የሚለየው ዓይነት ነው የሚገባው፣ አለዚያ ወጥ በተሠራ ቁጥር ይጮኻል። ሁሉም የተያያዙ ናቸው፤ አንዱ እሪ ሲል የቤቱ ሁሉ እሪ ይላል። እኛ የምንሰቅለው በቤቱ መብራት የሚሠራውን ነው፤ መብራት ቢጠፋም ባትሪ አለው። ብሬከሩን አውርጄ መብራቱን እቆርጣለሁ፣ መቋረጡን በቴስተር አያለሁ፣ መሰላል ወጥቼ ማብሪያ ማጥፊያው የማያጠፋውን ፌዝ፣ ሁልጊዜ ኃይል ያለበትን ሽቦ፣ እስብለታለሁ፣ ከዚያ ብሬከሩን መልሼ ትንሿ አረንጓዴ መብራት ቦግ ስትል ሥራዬን እጨርሳለሁ። ጭስ አይተው የማያውቁ ሰዎች ቤት ጭስ ስጠብቅ እውላለሁ ማለት ነው።

አንድ ቀን መሰላል ላይ እንዳለሁ መልካሙ ደወለ።

"ጋሼ፣ መስመሩ ወረደ" አለኝ። "አበራሁላት።"

ሽቦ አላላጥ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ስልኩን በቪዲዮ አድርጎ ቤቱን አሳየኝ፤ እናቴ አምፖሉ ሥር ቆማ እጇን እያገላበጠች ታያለች።

"እማዬ፣ እጠብቅሃለሁ አላልሽኝም?"

"እስከ መቼ በጨለማ፣ ልጄ? ዓይኔ እኮ አለቀ።"

እውነቷን ነው። "እንኳን ደስ አለሽ" አልኳት። ያገሬ ሰዎች፣ ለናንተ ግን ምን እደብቃለሁ፣ በገዛ ወንድሜ ቀናሁ። ስልኩን ወዲህ አዙር፣ ወዲያ አዙር እያልኩ ስህተት ፈለግሁበት። ሽቦው ቀጥ ያለ፣ ቆጣሪው ከበሩ በስተቀኝ። ሶኬቱ እንኳ ከራስጌዋ ነው፣ ሬዲዮዋ ተሰክቶበታል። ማን ነገረው? ለማንም አላወራሁም እኮ። ቅናት አጥንት ያነቅዛል የሚለውን ቄሱ ሲያነቡ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ የገባኝ ግን መሰላል ላይ ሆኜ ነው።

ሳምንቱን ሙሉ አብሰለሰልኩና እዚህ የማውቀው አንድ የስማዳ ልጅ እናቱን ሊጠይቅ ወደ አገሩ ወገዳ ሲሄድ አንድ የጭስ ማንቂያ አስያዝኩት። የሙቀቱን ዓይነት መላክ እችል ነበር፤ አልላክሁም። አምፖል ዝም ብሎ ይበራል፣ ማን እንደ ሰቀለውም ይረሳል። የኔ ግን ይጩህ አልኩ።

"ከምድጃው በላይ ስቀለው" አልኩት መልካሙን።

"ጋሼ፣ ከምድጃ በላይ? ቀኑን ሙሉ ሊጮኽ?"

"የምልህን ስማ።"

"እሺ" አለ። እሺታውም አናደደኝ። እምቢ ቢለኝ ቢያንስ እጣላው ነበር።

በተሰቀለ በሦስተኛው ቀን ነው አሉ፣ እናቴ ለሚካኤል ዝክር ጠላ ልትጠምቅ አሻሮ ትቆላለች። ጓዳው ጭስ ሲሞላ የኔ ዕቃ እሪታውን አቀለጠው። እሪታ ሰምቶ የሚቀር ሰው በኛ አገር እንደሌለ ታውቃላችሁ። አጨዳ ላይ የነበረው ማጭዱን እንደያዘ፣ ውኃ የቀዳችው እንስራዋን እንዳዘለች፣ መሪጌታም ተማሪዎቻቸውን ትተው በመቋሚያቸው እየተደገፉ መጡ።

"እሳቱ የታለ?" አሉ መሪጌታ።

"እሳት የለም፣ አባቴ" አለች እናቴ። "ልጄ ጌትነት ነው።"

"ጌትነት መጣ?"

"አልመጣም። ድምፁን ልኮ ነው።"

ከዚያማ ደክመው መጥተው ባዶ አፋቸውን አይሄዱ፤ ከፊተኛው የተረፈ ጠላ ወጣ፣ መልካሙ ሲቀዳ ዋለ። ይህን ሁሉ በስልክ እየሣቀ ነገረኝ፤ እኔም ሣቅሁ። ስልኩን ስዘጋ ግን ሣቁ የት እንደገባ እንጃ። የጠራኋቸው እኔ፣ የጠጡት እነሱ፣ የተመረቀው መልካሙ። አሁን ለምደውታል፤ ሲጮኽ አይመጡም፣ "የጌትነት ነው" ብለው ሥራቸውን ይቀጥላሉ። መልካሙ ሁለት ጊዜ ላንሣው ብሏት እናቴ እምቢ አለች። ሲበዛባት እሱ በዱላ ጫፍ ቁልፉን ተጭኖ ዝም ያሰኘዋል። ዝም ማሰኘቱም የሱ ሆነ።

የኔን ቤትስ ብታዩት። አንድ ክፍል ነው፤ አልጋው፣ ምድጃው፣ እኔ። አከራዬ ደግሞ ከምድጃው በላይ የጭሱን ዓይነት አሰቅሏል። ለሰው ሁሉ የማስተካክለውን ለራሴ ላስተካክል ብዬ ጠየቅሁት።

"በሙቀቱ ዓይነት ልቀይርልህ፤ በነፃ።"

"ተከራይ ኮርኒስ አይነካም።"

"ባለፈው ሳምንት የሌላውን ቤትህን ኮርኒስ የነካሁት እኔ ነኝ እኮ።"

"እዚያ ተከራይ አይደለህም።"

"ታዲያ ምን ልብላ?"

"ሳንድዊች" አለኝ።

ሳንድዊች ስበላ ከረምኩ። ያ የስማዳ ልጅ ሲመለስ ግን ከእናቴ ገብስ አመጣልኝ፤ ለቆሎ የሚሆን፣ በእጇ የተለቀመ። እሑድ መጥበሻ ጣድኩና እየቆላሁ ደወልኩላት። ዝናቡ መስኮቱን ይመታል። እሷ ጋ መልካሙ ማዕድ ቀርቦለታል፤ ሲያላምጥ ይሰማኛል፣ "ጨምሪልኝ" ሲላትም ይሰማኛል። ጨመረችለት። ይህን እየሰማሁ ማማሰሉን ረሳሁት።

ጮኸ። የኔ ሲጮኽ የኮሪደሩም ጮኸ፣ የፎቁም ጮኸ፣ ሕንፃው በሙሉ ጮኸ።

"የኔው ነው?" አለች እናቴ። "አይ፣ የኔውስ ዝም ብሏል።"

"የኔ ነው፣ እማዬ።"

"አንተም ሰቀልክ? እሰይ።" ትንሽ አዳመጠች። "ሰው መጣልህ?"

በሩን ከፍቼ ኮሪደሩን አየሁ። ከወዲያ ጥግ አንድ በር ገርበብ አለና ተመልሶ ተዘጋ። ከላይ አንድ ሰው ወለሉን በእግሩ ደበደበ።

"መጥተዋል" አልኳት።

"ማን ማን?"

"ጎረቤቶቼ።"

"ተመስገን። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል።" ከስልኩ ራቅ ብላ ለመልካሙ ነገረችው፤ "የወንድምህ ጎረቤቶች መጡለት።" መልካሙ ማላመጡን አቆመ። ከዚያ ወደኔ ተመለሰች፤ "ባዶ አፋቸውን እንዳትሸኛቸው። ምን አቀረብክላቸው?"

"ቆሎ።"

"ያረረውን ለይተህ። ቅመሱ በላቸው እንጂ፣ ምን ዝም ትላለህ?"

መጥበሻውን እንደያዝኩ ወደ ባዶው ኮሪደር ወጣሁና እናቴ እንድትሰማ ጮክ ብዬ "ቅመሱ" አልኩ።