ቴፑ የያዘው ስልክ

በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ነው። ዝናቡ አቁሞ ብርዱ ገብቶ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት የመኪናዬ መስታወት በጤዛ ይሸፈናል። ያን ሰሞን ደክሞኝ ነበር። ሌላ የምጨምርበት የለኝም፤ ደክሞኝ ነበር።

ልጄ ያኔ ሰባት ዓመቱ ነው። አይናገርም። ይሰማል፣ ይገባዋልም፤ ግን የለመደው ነገር ሲዛባበት መሬት ላይ ተቀምጦ ይጮኻል። እንደ እሱ ያሉ ልጆችን የሚያስተምር ክፍል ከጦር ኃይሎች ወዲያ አለ፤ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ይማራል። ቦታውን ያገኘነው ሁለት ዓመት ተራ ጠብቀን ነው፤ አልሐምዱሊላህ። ደንቡ ግን ጥብቅ ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ይዘጋል፤ በወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ያረፈደ ልጅ ቦታው ከኋላው ለሚጠብቀው ይሰጣል። አልፈርድባቸውም። እኔም ከኋላ ሆኜ ጠብቄያለሁ።

ከቀራንዮ እዚያ ድረስ የሚያደርሰን አንድ መንዙማ ነበር። የድሮ ነው፣ የድቤው ምት ከባድ። በሩን ከፍቼለት መንዙማው ካልጀመረ ልጄ እግሩን ወደ መኪናው አያስገባም። ሲጀምር ገብቶ ይቀመጥና መዳፉን በሩ ላይ ካለው ስፒከር ላይ ያሳርፋል። ድቤውን በእጁ ነው የሚሰማው። ከስልኬ ላሰማው ስል እጄን ይገፋል፤ ድምፁ ከበሩ መምጣት አለበት።

አንድ እሁድ ስልኬን ከቀሚሴ ኪስ ሳላወጣ ልብሱን ውኃ ውስጥ ነከርኩት። ባለቤቴ ማታ ከሱቁ ሲመለስ ሌላ ስልክ ይዞልኝ መጣ፤ መንዙማውንም እህቴ መልሳ ላከችልኝ። ሰኞ ጠዋት ስልኩን በብሉቱዝ ከመኪናው ቴፕ ጋር ላገናኝ ብል እምቢ አለ። ይፈልጋል፣ ያገኘዋል፣ ከዚያ አልተቻለም ይላል። ስልኩን አጥፍቼ አበራሁ። መኪናውን አጥፍቼ አስነሳሁ። ልጄ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀ፤ ከዚያ ተቀመጠ፤ ከዚያ ጮኸ። ከጩኸቱ መሃል የሰው ድምፅ የሰማሁ መስሎኝ ነበር፤ ከመንገድ ነው ብዬ ተውኩት። ተሸክሜ አስገባሁት። እስክንደርስ ጭንቅላቱን ከወንበሩ ጋር ሲያጋጭ ነበር። ስንደርስ በሩ ተዘግቷል።

ከዚያው ኮልፌ ቴፕ የሚሠራ ሰው ጋ ሄድኩ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ስልኬን ተቀብሎ ነካ ነካ ሲያደርገው መንዙማው ወዲያው ተሰማ። ምንም የለውም አለኝ። እቤት እምቢ እንዳለኝ ብነግረው ስልኩ አዲስ ስለሆነ ነው፣ እጅሽ እስኪለምደው ነው አለ። ክፍያም አልተቀበለኝም። አላህ ይስጥህ ብዬው ወጣሁ።

ረቡዕ ጠዋት እቤት ያው ሆነ። ልጄ ጮኸ፤ በሩም ተዘጋብን። ስንመለስ ጦር ኃይሎች ጥግ ይዤ አቆምኩና ራሴ ሞከርኩት፤ እሺ አለኝ። ጤነኛ ሆኜ የታመምኩ መሰለኝ። ለሠሪው ደውዬ ነገርኩት።

«ቴፕሽ ሌላ ቦታ ደህና ነው» አለኝ። «እንግዲህ ከቤትሽ ጋር ተነጋገሪ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር።

ያን ቀን ከሰዓት ልብስ ሳሰጣ ጎረቤቴ ከቆርቆሮው አጥር ማዶ ጠራችኝ። በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ እትዬ ነው የምላት። እሷ ክርስቲያን ናት፣ እኔ ሙስሊም፤ ግድግዳችን ግን አንድ ነው ማለት ይቻላል። ቅቤና ቆጮ ትሸጣለች። ባሏ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ መንገድ ላይ ሲሆን ጠዋት ከመነሳቱ በፊት ይደውልላታል። ሲሄድ ተኮራርፈው ነበር። አሁን ሰኞ ደውሎ ዝም አለኝ፣ ማክሰኞ አወራኝ፣ ዛሬ ደግሞ ዝም አለኝ ብላ ዓይኗን ጠረገች። አጽናናኋት። እውነቱን ለመናገር ግን ልቤ ዓርብ ላይ ነበር።

ዓርብ ሱብሂን ሰግጄ ረጅም ዱዓ አደረግኩ። ስለ ቴፑ አልለመንኩም፤ ትዕግሥት ነው የለመንኩት። ልጄን ቤት ውስጥ ትቼ ቀደም ብዬ ወጣሁ። ለአንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ቴፑን አበራሁት።

«ሃሎ» አለኝ ከበሩ ውስጥ። የወንድ ድምፅ ነው። «ዛሬም አትናገሪም? ሰኞም ረቡዕም ያሰማሽኝ የልጅ ጩኸት ብቻ ነው። እሺ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት። አሁን ተናገሪ።»

ድምፁን አወቅኩት።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ፣ ጎረቤትዎ» አልኩ።

«ሚስቴስ?»

«እሳቸው ቤት ናቸው። እርስዎ መኪናዬ ውስጥ ነዎት።»

«እኔ?» አለ። «እኔ አዋሽ ነኝ።»

ያኔ ነው የገባኝ። ክረምቱ ሳይገባ የጎረቤቴ ልጅ ተድራ ነበር። እንደ ሰፈራችን ደንብ መኪና ያለን ሁሉ አጅበናታል። ጎረቤቴ እኔ አጠገብ ተቀምጣ፣ የሰርግ ዘፈኑ ከእሷ ስልክ በእኔ ቴፕ ነበር ሲዘፈን የዋለው። ቴፑ አልረሳትም። የድሮ ስልኬ ሳለ እሱን ያስቀድም ነበር፤ እሱ ሲሞት የሚያውቀውን ሌላ ስልክ ፈለገ፤ ከአጥሩ ማዶ የእሷን አገኘና ያዘ። የእሷን ይዞ የእኔን አይቀበልም። እሷ ስልኳን ስታነሳ የባሏ ድምፅ ወደ እኔ መኪና ይመጣል። ኮልፌና ጦር ኃይሎች ላይ ግን የእሷ ስልክ የለም።

ጎረቤቴ ስልኳን ጆሮዋ ላይ እንደለጠፈች ወደ አጥር በሬ መጣች። ነገርኳት። ባሏም ከመኪናው ውስጥ ሰላም አላት። አንዴ የመኪናውን በር፣ አንዴ እኔን አየች።

«ባሌን መኪናሽ ውስጥ ደብቀሽ ነው እኔን ስታስለቅሺኝ የሰነበትሽው?»

ሳቅ ያዛት። እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

«እትዬ፣ ስልክዎን ይዘው ይራቁልኝ» አልኳት። «ዛሬ ካረፈድን የልጁ ቦታ ይሄዳል።»

ቀሚሷን ሰበሰበችና በነጠላ ጫማዋ ወደ አስፋልቱ ሮጠች። ባሏ ከመኪናው ውስጥ «ሴትዮ፣ ወዴት ነው...» ብሎ ሳይጨርስ ድምፁ ተቋረጠ። ስልኬን ነካሁት። ድቤው ጀመረ። ልጄን ይዤው ወጣሁ፤ በሩ ላይ ቆሞ አዳመጠ፤ ከዚያ እግሩን አነሳና ገባ። መዳፉን ስፒከሩ ላይ አሳረፈ።

አስፋልቱ ጋ ስንደርስ ጎረቤቴ መብራት እንጨት ተደግፋ እያወራች ነበር። እጇን አወዛወዘችልን።

በሩ ሊዘጋ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ደረስን። አስተማሪዋ ሰዓቱን አየች፣ እኔን አየች፤ ልጄን ተቀበለችኝ። ከአጥሩ ውጭ መኪናው ውስጥ ተቀምጬ ትንሽ አለቀስኩ። ከዚያ አልሐምዱሊላህ አልኩ።

ከሰዓት ሠሪው በስልክ እየመራኝ፣ የስልክ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ተጭኜ ያዝኩና ቴፑ የሚያውቀውን ሁሉ አጠፋሁት፤ የእኔን ብቻ መልሼ አስገባሁ። ለጎረቤቴ ብነግራት «ሁለተኛዋ ልጄ ስትዳር ስልኬን እንደገና ታስገቢዋለሽ» አለችኝ። እሺ አልኳት።

በማግስቱ ቅዳሜ ነው፤ ትምህርት የለም። ቢሆንም ከሱብሂ በኋላ ወጥቼ መኪናው ውስጥ ተቀመጥኩና ቴፑን አበራሁት። ጸጥ አለ። ለአንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ከአጥሩ ማዶ ስልክ ጮኸ፤ ጎረቤቴ አነሳችው። የምትለው አይሰማኝም፤ ስትስቅ ግን ሰማኋት። መንዙማውን ዝቅ አድርጌ ከፈትኩ። ልጄ የሌሊት ልብሱን እንደለበሰ መጣ፤ በሩን ከፈትኩለት፤ ገብቶ መዳፉን ከተለመደው ቦታ አሳረፈ። እኔም በእኔ በኩል ካለው ስፒከር ላይ መዳፌን አሳረፍኩ። እስኪያልቅ ድረስ እንዲሁ ተቀመጥን። የትም አልሄድንም።