የጎማጣ ሙሾ

ጣልያን ከወጣ በኋላ ባሉት ዓመታት፣ ስማዳ ውስጥ ጋዜጣ የሚያነብ ሰው ብትፈልጉ ወገዳ ላይ አንድ ጸሐፊ ብታገኙ ነው። ራዲዮም ቢሆን ወሬው እንጂ ድምፁ አልደረሰም። ማን እንደደፈረ፣ ማን እንደፈራ፣ ማን ሰው እንደነበረ ለአገር የምትናገረው ጌጤ ነበረች። ጌጤ አልቃሽ ናት። በለቅሶ ሜዳ ያወጣቻት ሙሾ ሳምንት ሳይሞላት ገበያ ላይ ትሰማለች። ኩሩ ሴት ነበረች፤ ግጥሟን ሰው አበላሽቶ ሲላት ከሰማች መንገድ ላይ አስቁማ ታርማለች።

ደምሌ የጎረቤቷ የስንዱ አንድ ልጅ ነበር። ሐምሌ ላይ ከገበያ ጨው ተሸክሞ ሲመለስ ጎማጣ ወንዝ ሞልቶ ጠበቀው። ጎማጣ ደጋው ላይ ሲዘንብ ድንጋይ እያንከባለለ ይመጣል፤ ጉልበቱ ግን የአፍታ ነው፣ ማምሻውን ይጎድላል። ስለዚህ የዚያ አገር ሰው ዳር ላይ ተቀምጦ ቆሎውን እየቆረጠመ ይጠብቃል። የዚያን ቀንም አባ ንጉሴ የሚባሉ ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር።

«ቁጭ በል ልጄ፤ ይህ ውሃ እንግዳ ነው፣ ይሄዳል» አሉት።

ደምሌ ሳቀና ገባ። አስከሬኑን ቆላ ድረስ ወርደው አገኙት።

በለቅሶው ጌጤ መሀል ወጥታ እንዲህ አለች፦

ጎማጣ ሞልቶበት ሰው ሁሉ ሲመለስ፣
ደምሌ ዘሎ ገባ እንዳባቱ ፈረስ።

ሜዳው አብሮ አለቀሰ። ስንዱ እንኳ አንገቷን ቀና አደረገች።

ግጥሙ ውሸት የለበትም፤ ሙሉ ግን አይደለም። አባ ንጉሴ ያዩትን ለጌጤ ነግረዋት ነበር። ደምሌ መሀል ሲደርስ እግሩ ከዳው፤ «እናቴ! እናቴ!» እያለ ጮኸ፤ ጠፍር ቢወረውሩለትም አልደረሰም። ጌጤ ይህን «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ብላ ዋጠችው። እኔም ብሆን እውጠው ነበር። በለቅሶ ላይ የሟችን ስህተት የሚያወራ ሰው በዚያ አገር ቅስሙ የተሰበረ ዘመድ ፊት እንዴት ይቆማል?

ሙሾዋ ግን ለቅሶው ሜዳ ላይ አልቀረችም። እረኛው አላት፣ አራሹ አላት፣ ልጃገረዶቹ እንጨት ሲለቅሙ አሏት። ዳር ላይ የተቀመጠ ጎረምሳ ካዩ «ያባትህ ፈረስ የት ጠፋ?» ይሉታል። ቆሎ መቆርጠም ነውር ሆነ። ጎማጣ ያው የጥንቱ ጎማጣ ነው፤ ልጆቹ ግን እንደ ሠርግ ቤት ጨዋታ ያዩት ጀመር። በነሐሴ ሌላ ልጅ ተወሰደ። ጌጤን ጠሯት፤ ለእሱም አሳመረችለት። እንዲህ ያለውን እውቀት እግዜር ይየው!

ነገሩ ከራሷ ቤት የገባው በሚቀጥለው ሰኔ ነው። ልጇ ይግዛው ማሚቴ የምትባል ልጅ አጭቷል፤ ቤቷ ከጎማጣ ማዶ ነው። ጌጤ ምሳ ይዛለት ወደ እርሻው ስትሄድ በሬዎቹን እየነዳ ያችኑ ሙሾ ሲያዜም ደረሰች።

«ክረምቱን ማዶ አትሂድብኝ» አለችው።

«አማቾቼን ሳላግዝ ሰው ምን ይለኛል፣ እማዬ?»

«እንግዲያ ሲሞላ ቁጭ ብለህ ጠብቅ።»

ይግዛው ሳቀ። «ሞት ላይቀር! ከሞቱ አይቀር እንደ ደምሌ ነው። አንቺው አይደለሽ ያልሽው?»

ጌጤ ምሳውን አስቀምጣ ተመለሰች። ፈራች፤ ስንቱን ቀብራ እንደዚያን ቀን ፈርታ አታውቅም።

የደምሌ ሙት ዓመት ቀርቦ ስለነበር ስንዱ ለጠላው ጌሾ ትወቅጣለች። ጌጤ ደጃፉ ላይ ቆማ «ስንዱዬ፣ ያንን ግጥም ከእንግዲህ አልለውም» አለቻት።

ስንዱ ዘነዘናውን ተወች። «ምን በደልሁሽ? ከልጄ የቀረኝ እሱ አይደል? ገበያ ላይ ስሙን ሲያነሡት ስሰማ ያለ ይመስለኛል።»

«ይግዛው በእሱ ሰበብ ጎማጣ ሊገባ ነው።»

ጌጤ ከዚያ ወዲያ መሸሸግ አልቻለችም፤ አባ ንጉሴ የነገሯትን ሁሉ ነገረቻት።

«እኔን ጠራ?» አለች ስንዱ።

«አንቺን ጠራ።»

«ዓመት ሙሉ ደበቅሽኝ። በይ ሂጅልኝ።»

ጌጤ አልቅሳ ሄደች፤ ያለ ግጥም፣ እንደማንኛውም ሴት። የሌላዋን እናት ማጽናኛ ነጥቃ የራሷን ልጅ ልታድን መሞከሯን ታውቃለች፤ አድና እንደሆነም አታውቅም።

በሙት ዓመቱ ጌጤ ወደ መሀል አልወጣችም፤ ከኋላ፣ ሙሾ ከሚቀበሉት ጋር ተቀመጠች። ጎረምሶቹ በአንድ በኩል ቆመው የሚያውቁትን ሙሾ ይጠብቃሉ፤ ይግዛውም አብሯቸው አለ። በዚህ መሀል ስንዱ ራሷ ተነሣች። ድምፅ የላትም፤ ሻካራ ነው።

ጎማጣ ሲወስደው እናቴ ሲል ልጄ፣
ጥጥ እፈትል ነበር ለጋቢው በእጄ።

መቀበል የነበረበት ሰው አፉ ተያዘ። አባ ንጉሴ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። በመጨረሻ «ወዬ» ብላ የተቀበለቻት ጌጤ ናት፤ ከዚያ ሌላው ሁሉ ተከተለ። ጌጤ ልጇን ፈለገችው፤ አንገቱን ደፍቶ መሬት መሬት ያያል። ምን እንዳሰበ ግን ከፊቱ ማንበብ አልቻለችም።

ያ ሐምሌ ሳያልቅ ይግዛው አማቾቹን ሊያግዝ ማዶ ሄደ። በእነ ጌጤ በኩል ፀሐይ ነበር፤ ደጋው ግን ጠቁሯል፤ የጎማጣም ድምፅ እቤት ድረስ ይሰማል። ጌጤ ሥራ አልያዝ አላት። በሩ ላይ ተቀመጠች፣ ተነሣች፣ ደግሞ ተቀመጠች። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይግዛው ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በዳገቱ ብቅ አለ።

«ምነው ዘገየህ?»

የጋቢውን ጫፍ ቋጠሮ ፈታና የተረፈውን ቆሎ መዳፏ ላይ አፈሰሰላት።

ጌጤ በሌላ እጇ ጋቢውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሰችው። ደረቅ ነበር።