የአባዬን ጫማ ይዤ

የአባቴን የግራ እግር ያስቆረጥኩት እኔ ነኝ። ይህን ስናገር ዘመድ ሁሉ «ኧረ ተይ፣ ስኳሩ ነው» ይለኛል። ስኳሩማ ነው። ግን ስኳር ጫማ አያወልቅም።

ሥራዬ ቁስል ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ ከብርና ከልዩ ብርጭቆ የተሠሩ፣ በዓይን ቀርቶ በተራ ማይክሮስኮፕ የማይታዩ ቅንጣቶችን ከጄል ጋር አዋህጄ የአይጦች ቁስል ላይ እቀባለሁ። ብሩ ጀርም ይገድላል፤ ብርጭቆው ደግሞ ቀስ እያለ እየሟሟ ሰውነት አዲስ ሥጋና አዲስ የደም ሥር እንዲያበቅል ይቀሰቅሳል። ናኖ የምንለው ይህንን ነው። አባዬ ስለ ሥራዬ ለጎረቤት ሲያስረዳ «የአይጥ ሐኪም ናት» ብሎ ይገላገላል፤ እየሳቀብኝ፣ ግን እየኮራብኝም።

እሱ ዕድሜውን የጨረሰው መዝገብ ቤት ነው። ጡረታ ከወጣ በኋላ እኔና እሱ ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ እንኖራለን። አንድ ቀን ከሰንጋ ተራ በእግሩ መጥቶ ጫማውን ሲያወልቅ ካልሲው በደም ርሷል። ጫማው ውስጥ ጠጠር ነበረች። ያን ሁሉ መንገድ ረግጧት ሲመጣ አልተሰማውም፤ ስኳሩ የእግሩን ስሜት ከገደለው ቆይቷል።

ከአውራ ጣቱ ሥር ያለችው ያቺ ቁስል ወራት ሙሉ እምቢ አለች። ሸተተች። አባዬ መሽተቱን ሲያውቅ ቤተክርስቲያን መሄዱን ተወ። እስከ ልደታ ማርያም የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው፤ እሱ ግን መስኮት ሥር ተቀምጦ ቅዳሴውን ከድምፅ ማጉያው መከታተል ጀመረ። ሲስተሯ፣ ማለት ቁስሉን የምታጥበው ነርስ፣ አንድ ቀን ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ጠርታኝ ቁስሉ ካልዘጋ እግሩ እንደሚቆረጥ ነገረችኝ።

ያን ሰሞን የምርምር አማካሪዬ ከውጭ ሲመለስ እኔ ከምሠራው ጋር የሚመሳሰል፣ ለሰው የተፈቀደ የቁስል ማሸጊያ ይዞልኝ መጣ። ጥቂት ነበር። ሲስተሯ አገላብጣ አየችው፣ ሐኪሙን አስፈቀደች፣ አደረገችለት። ከዚያ በኋላ ያየሁትን እስክሞት አልረሳውም። ግራጫው የቁስሉ ወለል ቀላ። ዳር ዳሩ በየቀኑ ወደ መሀል ተጠጋ። በመጨረሻ እንደ ሕፃን ገላ ስስ የሆነ ሮዝ ቆዳ ሸፈነው። እኔ ደስታዬን መቻል አቃተኝ፤ ታክሲ ውስጥ ብቻዬን እስቅ ነበር።

ሲስተሯ ግን አልሳቀችም። «አባባ፣ ይኼ ቆዳ ገና ነው። ቤት ውስጥ እንኳ ባዶ እግርዎን እንዳይሄዱ» አለችው። እኔም አጠገቡ ቆሜ ሰምቻለሁ።

ያን ቀን ወደ ቤታችን ደረጃውን ስንወጣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ አረፍ አለና ስለት እንዳለበት ነገረኝ። ቁስሉ ከዘጋ፣ ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን፣ በልደታ፣ ቤተክርስቲያኑን በባዶ እግሩ ሦስት ጊዜ ሊዞር ተስሏል።

«የአይጥ ሐኪሟ፣ ምን ትያለሽ?» አለኝ።

በጫማ ዙር ማለት እችል ነበር። ቄሱን እንጠይቅ ማለት እችል ነበር። እኔ ግን ያን ቀን በሥራዬ ሰክሬ ነበር። አይጦቼ ላይ ያ ሥጋ ሲጠነክር አይቻለሁ። አይጦቼ ቁስላቸው ጀርባቸው ላይ እንደሆነ፣ ቁስላቸው ላይ እንደማይቆሙ አላሰብኩም።

«ምንም አይልህም፣ አባዬ። ድነሃል» አልኩት።

የልደታ ዕለት ግቢው በር ላይ ተንበርክኬ ጫማውን እኔው ፈታሁለት። የሚታደስ ነገር ስለነበረ ከቤተክርስቲያኑ ጀርባ በኩል ጠጠር ተደፍቷል፤ ፀሐዩም መሬቱን አግሎታል። ጫማውን ታቅፌ ከኋላው ተከተልኩት። ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ እጁን ዘርግቶ ያመሰግናል። አንድም ጊዜ አላነከሰም። ምኑ ተሰምቶት ያነክሳል? ሦስተኛውን ዙር ሲጨርስ ዞሬ የመጣንበትን መሬት አየሁ። ጠጠሩ ላይ ደም ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። ትኩሳት መጣ፣ አጥንቱ ተመረዘ፣ የተረፈውም ማሸጊያ ምንም አላደረገለትም። ከጉልበቱ በታች ቆረጡት። ከሰመመኑ ሲነቃ የመጀመሪያ ቃሉ «ስለቴን አድርሻለሁ» የሚል ነበር። አልወቀሰኝም። ቢወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን አራተኛ ፎቅ ማለት ለእሱ እስር ቤት ነው። ሊፍት የለም። እኔ ላቦራቶሪ እሄዳለሁ፤ አይጦቼ ይድናሉ። ውጤቴ ጥሩ ነው ይሉኛል፣ እኔም አመሰግናለሁ።

ባለፈው እሁድ የቀረውን እግሩን ሳጥብ ተረከዙ ጎን ላይ ምስር የምታህል ጥቁር ነጥብ አየሁ። ጫን አልኳት። እሱ ወደ መስኮቱ ዞሮ ቅዳሴውን እያዳመጠ ነው፤ አልተሰማውም። ደግሜ ጫንኩ። ቆዳዋ ከፈት አለችና እርጥብ ነገር ወጣ።

«የአይጥ ሐኪሟ፣ ምን አየሽ?» አለኝ።

ያን ጊዜ ደረጃው ላይ መልስ ለመስጠት አፍታም አልፈጀብኝም ነበር። አሁን እግሩን በፎጣ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አኖርኩት። «ነገ ሲስተሯ ትየው» ብቻ አልኩ።

ፊቱን ከመስኮቱ መለሰና እግሩን ሳይሆን እኔን አየኝ።

«ለዚህኛው ግን ስለት አልሳልም» አለ።