ዶሮውን ማን ባረከው?

ነገሩ የሆነው ጣሊያን ከአገር ከወጣ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ እዚሁ ጎንደር ውስጥ ነው። በጋዜጠኝነት ዘመኔ ብዙ ከባድ ነገር አይቻለሁ፤ አብዛኛውን ረስቼዋለሁ። ይህን የዶሮ ጉዳይ ግን አውዳመት በመጣ ቁጥር አስታውሰዋለሁ።

በአገራችን ሴት ልጅ ዶሮ አታርድም፤ ብታርድም የሚበላላት የለም። ባሏ ከቤት ከሌለ፣ ዶሮና ቢላዋ ይዛ ደጃፏ ላይ ትቆምና የሚያልፈውን ወንድ «እባክህ ባርክልኝ» ትላለች። እሱም ባርኮላት መንገዱን ይቀጥላል።

ባለቤቴ ጥሩወርቅ ከዚያ በፊት በነበረው የመስቀል ዋዜማ፣ እኔ ለሥራ ወጥቼ ሳለሁ፣ ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊውን አያ ካሴን አስቁማ ነበር። አያ ካሴ ሚስቱ የሞተችበት፣ ጨዋታ አዋቂ፣ መልከ መልካም ሰው ነው። ዶሮውን ባርኮ አልሄደም። ቁጭ ብሎ ጠላ ጠጣ። እኔ የደረስሁት ሲሳሳቁ ነው። ከዚያ በኋላ ሳምንታት አኩርፌያት ሰነበትሁ።

በዚህኛው እንቁጣጣሽ ከደባርቅ በጭነት ማኪና ስመለስ፣ አምባ ጊዮርጊስ አጠገብ ማኪናውን ጭቃ ያዘው። ከተሳፋሪው ጋር ስንገፋ ዋልን። እኔ ግን ሐሳቤ ከማኪናው አልነበረም። ጥሩወርቅ ደጃፍ ላይ ቆማ፣ አያ ካሴ ከሱቁ ብቅ ሲል ነበር የሚታየኝ።

ቤት ስደርስ ጀምበር ገና አልጠለቀችም። አጥሩ ሥር እርጥብ ላባ አየሁ። ከውስጥ የወጥ ሽታ ይመጣል።

«ምነው እንዲህ በጭቃ ተለወስህ?» አለችኝ።

«ማን ባረከልሽ?»

«መጀመሪያ እግርህን ታጠብ።»

«ማን ባረከልሽ አልሁሽ!»

«ታርዷል፣ ተሠርቷል። ተቀመጥና ብላ።»

የሰውየውን ስም እንደደበቀችኝ ቆጠርሁት። እግሬን ሳልታጠብ ወደ ልብስ ሰፊው ሱቅ ሄድሁ።

አያ ካሴ ከስፌት ማኪናው ቀና አለ። «እሰይ፣ ወሬ ለቃሚው መጣ! ምነው፣ ከማኪናው ላይ ሆነህ ነው ወይስ ከሥሩ ነው የመጣኸው?»

የመጣሁበትን ነገርሁት። ሳቁን ለቀቀው።

«እኔማ አይቻታለሁ። ሸጋ ቀይ ዶሮ ታቅፋ በር ላይ ቆማ ነበር። ልባርክልሽ ወይ ብላት፣ ይቅር አያ፣ ባሌ ይደርሳል አለችኝ።»

«ከዚያስ ማን መጣ?»

«ማንም ሲገባ አላየሁም። በዚህ ዝናብ ማን ያልፋል? ሂድና ሳይቀዘቅዝ ብላ። ካልበላህም እኔን ጥራኝ!»

አልዋሸኝም፤ ሰው ሲዋሽ ማወቅ ሥራዬ ነው። ቃሉ ግን አላሳረፈኝም። ቅድም የምቀናበት ሰው መልክ ነበረው፤ አሁን መልኩንም አጣሁት።

ስመለስ መሶቡ ቀርቧል። አልነካሁም።

«ስሙን ካልነገርሽኝ አልበላም።»

ጥሩወርቅ ትክ ብላ አየችኝ።

«እኔ ነኝ።»

«ምን?»

«እኔ ነኝ የባረክሁት። አያ ካሴን ባስቆምሁ ጊዜ ምን ያህል እንዳኮረፍህ ታውቀዋለህ። ዛሬም ዶሮውን ይዤ ቆሜ ሳስበው፣ ያንተን ኩርፊያ ከምሸከም ቢላዋውን ብጨብጥ ይሻለኛል አልሁ። አንተ እንደምታደርገው ወደ ምሥራቅ አዞርሁት፤ አንተ እንደምትለው በስመ አብ አልሁ። ከበላህ ብላ፤ ካልበላህ ለብቻዬ እበላዋለሁ።»

ብላ ጎረሰች።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ቤቴ ወንድ አልገባም። ቅናቱ ግን ቦታ ለወጠ እንጂ አልወጣልኝም። እኔ በየአገሩ ስዞር ጣራው ሲያፈስ የምትደፍነው፣ ገበያ ወርዳ በግ የምትገዛው፣ አጥሩን የምታጥረው እሷ ናት። ያለ እኔ አይሆንም የምለው አንድ ሥራ ቢኖር ይኸው ነበር።

በላሁ። እውነቱን ለመጻፍ ያህል፣ ወጡ እኔ ካረድኋቸው ዶሮዎች ወጥ በምንም አልተለየም። ይበልጥ ያንገበገበኝም እሱ ነው።

ለጎረቤት ሳንናገር ብዙ ዘመን ኖርን። አሁን እንድጽፈው የፈቀደችልኝ እሷ ናት። ዛሬም አውዳመት ሲደርስ ቤት ካለሁ፣ ቢላዋውን ስላ ትሰጠኝና አጠገቤ ቆማ እጄን ታያለች። አንዳንዴም «ትንሽ ወደ ምሥራቅ አዙረው እንጂ» ትለኛለች። ባርኬ ቢላዋውን ስመልስላት «እግዜር ይስጥልኝ» ትላለች። እንዲህ ስትለኝ ከመንገድ አስቁማ የጠራችኝ አላፊ አግዳሚ የሆንሁ ይመስለኛል። እኔም አያ ካሴ እንዳልሄደ ሁሉ አልሄድም፤ ጠላ እስክትቀዳልኝ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ።